የእንቁላል መለያ ጠረጴዛ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር፦ መጀመሪያ መመዘን

ቢሾፍቱ ግቢዬ ውስጥ 300 ገደማ ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ። እንቁላሉን ለሰፈር ሱቆች፣ ለአንድ ቁርስ ቤትና ለአንድ ኬክ ቤት አስረክባለሁ። እስካሁን ሥራው 30 በሚይዘው ትሪ ደርድሮ መላክ ብቻ ነበር። ዋጋው በፍሬ ነው። ትንሹም ትልቁም እኩል ይሸጣል።

በዚህ ሰሞን ግን ቅሬታ መጣ። ባለሱቁ፣ «እህቴ፣ ሰው ትልቅ ትልቁን ይመርጥና ትንንሹን እኔ ላይ ይጥላል» አለኝ። የኬክ ቤቷ ባለቤት ደግሞ፣ «በዚያው በ20 እንቁላል አንዴ ሊጡ ይቀጥናል፣ አንዴ ይደርቃል» አለችኝ። ስለዚህ እንቁላሉን በመጠንም በጥራትም የምለይበት ጠረጴዛ ልሠራ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን በ950 ብር ገዛሁ። ሚዛኑ ራሱ እውነት ይናገር እንደሆነ ለማየት ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ በ25 ብር ጨመርኩ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው። ኩባያ ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ጨመርኩ፣ 60 አለ። ይበቃል።

ከአንድ ቀን ምርት ትንሹ 46 ግራም፣ ትልቁ 71 ግራም ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ከ54 እስከ 63 ግራም ባለው ውስጥ ነው። በዓይን ሳያቸው ይህን ያህል የሚራራቁ አይመስሉም ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ 50 ግራም የሆነ እንቁላል የሞላበት ትሪ 1 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የ60 ግራም ትሪ 1 ኪሎ ከ800 ነው። ልዩነቱ 300 ግራም፣ ማለትም 5 ትልልቅ እንቁላል። ዋጋቸው ግን አንድ ነው። የኬክ ሊጥ ቢለዋወጥ ምን ይገርማል?

ሌላው አገር እንዴት እንደሚለይ አየሁ። አውሮፓ ኅብረት በእያንዳንዱ እንቁላል ክብደት ይሄዳል፦ ከ53 ግራም በታች ኤስ፣ ከ53 እስከ 63 ኤም፣ ከ63 እስከ 73 ኤል፣ 73 እና ከዚያ በላይ ኤክስ ኤል። አሜሪካኖች በደርዘን ነው የሚመዝኑት። 12ቱ እንቁላል ቢያንስ 21 አውንስ ከሆነ ሚዲየም፣ 24 ከሆነ ላርጅ፣ 27 ከሆነ ኤክስትራ ላርጅ፣ 30 ከሆነ ጃምቦ ይባላል። 24 አውንስ 680 ግራም ነው፤ አንዱ ወደ 57 ግራም ይመጣል። ስለዚህ የአሜሪካው ላርጅ አውሮፓ ሲሄድ ኤም ውስጥ ይገባል። ከዩቲዩብ የኬክ አሠራር የምትወስዱ ይህን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት በአሜሪካ ላርጅ ነው፤ ቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ገደማ።

የአውሮፓን መስመር እንዳለ ብወስድ ግን አብዛኛው የእኔ እንቁላል ኤም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ምኑን ለየሁት? መስመሩ የራሴን ምርት መክፈል አለበት። ስለዚህ ከ50 በታች ትንሽ፣ ከ50 እስከ 57 መካከለኛ፣ ከ57 እስከ 64 ትልቅ፣ ከ64 በላይ በጣም ትልቅ አልኩ። 57 ላይ መስመር የገባው ለኬክ ቤቷ ሲባል ነው።

በነገራችን ላይ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ነው። ከእኔ እንቁላል በብዙ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ይበልጣል። ገዢው የሚለየው በአስኳሉ ቀለምና በጣዕሙ ነው እንጂ በክብደት አይደለም። ጤፍ ላይም ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ስንል ዋናው ቀለሙ ነው። ቢጫ አስኳል የሚመጣው ዶሮዋ ግቢ ለግቢ እየዞረች ከምትለቅመው ቅጠልና ከቢጫ በቆሎ ነው። እንቁላሉ ትኩስ ነው ማለት አይደለም። ገበያው የፈለገውን የመምረጥ መብት አለው። እኔ ግን ቀለሙን ከጠረጴዛው ሥራ አውጥቼዋለሁ።

ታኅሣሥ፦ የብርሃን ሣጥን

መጠን አንድ ነገር ነው፣ ጥራት ሌላ። 72 ግራም የሚመዝን እንቁላል ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ 48 ግራሙ ደግሞ የዛሬ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት ውስጡን ማየት አለብኝ።

ከአናጢ ቤት የተረፈ ኮምፔርሳቶ በ300 ብር ወሰድኩ፤ ለሁሉም ሥራ የሚበቃ ነው። ሣጥኑን በምስማርና በኮላ ገጠምኩት። ውስጡ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ገባ፣ 180 ብር። ሽቦ፣ ስፒናና የአምፖል መያዣ 200 ብር። ፊቱ ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ ከፈትኩ፤ የሁለት ጣት ውፍረት ያህል። ዙሪያውን ካረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ለበጥኩት። ጎማው እንቁላሉ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ብርሃኑም በዳር እንዳያመልጥ ይዘጋል። ይህ ጎማ ባይኖር ዓይን የሚያየው ዙሪያውን የሚወጣውን ብርሃን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቤት የነበረ 3 ዋት አምፖል ነበር የሞከርኩት። ለነጭ ቅርፊት ሳይበቃ አይቀርም። የእኔዎቹ ቡናማ ናቸው፣ ቅርፊቱ ብርሃኑን ይበላዋል። በ9 ዋቱ ግን ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ሁሉም ይታያል። የድሮውን ክር ያለው አምፖል አልፈለግኩም፤ ይሞቃል።

ምን ይታያል? የእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ላይ የአየር ኪስ አለ። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ሞቃት ነው፤ ኪሱ ገና የለም ማለት ይቻላል። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሰበሰብና በዚያ ቦታ አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እርጥበት እየወጣ ኪሱ ይሰፋል። ሙቀት ሲኖር ቶሎ ይሰፋል። እናቶቻችን እንቁላል ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚነቀንቁት ይህንኑ ፍለጋ ነው። ኪሱ ከሰፋ ውስጡ መላወሻ ያገኛል፣ ይሰማል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ችግሩ መነቅነቁ ጥሩውንም ይጎዳል።

የኪሱ ጥልቀት የሚለካ ቁጥር አለው። አሜሪካ ደብል ኤ የምትለው እስከ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ኤ የምትለው እስከ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቢ ነው። አውሮፓ ለኤ ደረጃ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ትፈቅዳለች። እኔ ከውሃ ፕላስቲክ ላይ ቁራጭ ቆርጬ የእንቁላል ጫፍ ቅርጽ ሰጠሁት። ጫፉ ላይ አስቀምጬ የማነብበው መስመር በእስክሪብቶ ሠራሁበት፤ 3፣ 5፣ 6 ሚሊ ሜትር። የለመደ ሰው በኋላ መለኪያ አያስፈልገውም፣ ዓይኑ ይይዘዋል።

ዓይኔን ለማመን እየሰበርኩ አየሁ። ኪሱ ትንሽ የሆነው እንቁላል ሰሃን ላይ ሲወድቅ ነጩ አስኳሉን ከቦ ቆሞ ይቀመጣል። ኪሱ የሰፋው ነጩ እንደ ውሃ ይዘረጋል፣ አስኳሉም ይጠፈጠፋል። ሬይመንድ ሃው የሚባል አሜሪካዊ በ1937 የዚህን ወፍራም ነጭ ከፍታ ከእንቁላሉ ክብደት ጋር አስልቶ ቁጥር አበጅቶለታል። እስካሁን በስሙ ይጠራል። ለእኔ ሰሃኑ በቂ ነው። የተሰበረው ሁሉ ፍርፍር ሆነ። ልጆቹ በዚህ ምርምር ደስተኞች ናቸው።

ሌላው የሚታየው ስንጥቅ ነው። በቀን ብርሃን የማይታይ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሣጥኑ ላይ እንደ መብረቅ ያበራል። የደም ነጥብም አለ፤ ቡናማ እንቁላል ጣዮች ላይ ይበዛል። አስኳሉ ሲለቀቅ ትንሽ የደም ሥር ተበጥሶ ነው እንጂ እንቁላሉ አልተበላሸም። ቢሆንም ደም ያየ ደንበኛ አይመለስም። ለእኛ ቤት ይቀራል፣ ነጥቡ ወጥቶ ይበላል።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ? ለስንጥቅ ሁለት እንቁላል ቀስ አድርጎ ማጋጨት ይሠራል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል። ለአየር ኪሱ ግን ብርሃን ግድ ነው፤ የስልክ ባትሪ በዚያው ቀዳዳ ላይ ደግፌ እሠራለሁ። ውሃ ውስጥ አስገብቶ የሚንሳፈፈውን መለየት ለቤት ጥሩ ነው። ለሚሸጥ ግን አላደርገውም። ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

ጥር፦ ሚዛኑ

ረጅሙ ሥራ ይህ ነው።

በዲጂታሉ ሚዛን አንድ በአንድ መመዘን ሞከርኩ። ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ትንሽ ዘግየት ስል ራሱን ያጠፋል። እንደገና ዜሮ፣ እንደገና መጠበቅ። የቀኑን ምርት ለመጨረስ እጄ ሳይሆን ትዕግሥቴ ነው ያለቀው።

ከዚያ የተዳፋት መንገድ አሰብኩ። እንቁላሉ ይንከባለላል፤ መንገዱ ላይ በክብደት የሚያጋድሉ ክፍሎች አሉ። ከባዱ ሲደርስ ያጋድላል፣ ወደ ጎን ይወድቃል። ቀላሉ አልፎ ይሄዳል። መጀመሪያ በጣም ትልቁ፣ ቀጥሎ ትልቁ፣ መጨረሻ መካከለኛው ይወጣል፤ የቀረው ትንሽ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ድሮ በዚህ ዓይነት መንገድ ይለዩ ነበር፤ የእኔ ግን እሺ አላለም። ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ 700 ብር፣ የበር ማጠፊያዎች 120 ብር ወጣ።

አንደኛ፣ እንቁላል ቀጥ ብሎ አይንከባለልም። ወደ ቀጭኑ ጫፍ እየዞረ ይሄዳል። ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋጫል። ሁለተኛ፣ የሚንከባለል ነገር የሚጫነው ክብደቱን ብቻ አይደለም። 55 ግራሙ ፈጥኖ ሲመጣ ማጋደያውን ይመታዋል፣ 65 መስሎ ይወድቃል። ተዳፋቱን ቀነስኩ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቆመ። የፍራሽ ስፖንጅ አነጠፍኩ፤ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግን አሁን ከባዱም ሳያጋድል ማለፍ ጀመረ። ሦስተኛ፣ የበር ማጠፊያ ለበር ነው የተሠራው። ሁለት ሦስት ግራም ለመለየት ሰበቃው ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመለየት ብዬ የምሠራው ነገር ራሱ እንቁላል እየሰነጠቀ ነበር። ቱቦውን አንስቼ ለዶሮዎቹ የውሃ መውረጃ አደረግኩት።

አናጢው ጋሼ ጉዳዩን አይተው፣ «አንቺ እንቁላሉ ለምን ይሂድ ትያለሽ? እሱ ቁጭ ይበል፣ ሚዛኑ ይሂድ» አሉኝ። ቀላል ነገር ነው። ሰው አጠገቡ ካለ መንከባለል ምን ያደርጋል?

አዲሱ አሠራር አንድ ክንድና አንድ ቀስት ብቻ ነው። የክንዱ አንድ ጫፍ ላይ እንቁላል የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ። ክንዱ የሚዞርበት ቦታ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ ክብደት አለ። እንቁላሉ ሲከብድ ክንዱ ይበልጥ ይወርዳል፣ ክብደቱ ወደ ጎን ይነሣል፣ ከክንዱ ጋር የተያያዘው ቀስትም ቀለም በተቀባ ቅስት ላይ ይሄዳል። ቁጥር ማንበብ የለም። ቀስቱ ሰማያዊ ላይ ከቆመ ትንሽ፣ አረንጓዴ ከሆነ መካከለኛ፣ ቢጫ ከሆነ ትልቅ፣ ቀይ ከሆነ በጣም ትልቅ። ባትሪም መብራትም አይፈልግም።

መዞሪያው የብስክሌት የፊት ጎማ ኩሽኔት ነው፤ ከብስክሌት ጠጋኝ በ150 ብር የተገዛ አሮጌ። እንዳለ ሲገጠም ይይዛል። ውስጡ ያለው ግራሶ ለብስክሌት እንጂ ለእንቁላል አልተለካም። በናፍጣ አጥቤ አደረቅኩትና የስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ 1 ግራም ሲጨመር ቀስቱ ንቅንቅ ማለት ጀመረ።

የቅስቱን መስመር ያወጣሁት በውሃ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎድጓዳው ላይ አስቀመጥኩ። ጠርሙሱ ባዶውን 8 ግራም ነበር። በሲሪንጅ 42 ሚሊ ሊትር ስጨምር 50 ግራም ሆነ፤ ቀስቱ የቆመበትን በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። 49 ሚሊ ሊትር 57 ግራም፣ 56 ሚሊ ሊትር 64 ግራም። መስመሮቹ እኩል ርቀት የላቸውም፤ እየከበደ ሲሄድ ይቀራረባሉ። በማስመሪያ ከፋፍሎ መቀባት አይቻልም ማለት ነው፣ እያንዳንዱ መለካት አለበት።

አንድ ችግር ቀረ። ቀስቱ እስኪረጋ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። በእጅ መያዝ ንባቡን ያበላሻል። መፍትሔው ኩሽና ውስጥ ተገኘ፦ የተንጠለጠለው ክብደት ግርጌ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ አሰርኩና ያገለገለ የምግብ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ እንዲጠልቅ አደረግኩት። ዘይቱ ውዝዋዜውን ይበላዋል። ቀስቱ አንዴ ሄዶ ቆመ። ዘይቱ ከሣሣ ይወዛወዛል፣ ከወፈረ ይዘገያል። ጠዋት ብርድ ሲሆን ትንሽ ይዘገያል፤ ይህን ትቼዋለሁ።

ለአናጢው ሥራ 600 ብር ከፈልኩ። ጎድጓዳው ከእንጨት ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ ስስ ስፖንጅ ተለጥፎበታል።

ስለ መስመሮቹ አንድ ማስታወሻ፦ እንቁላል እየቆየ ክብደት ያጣል። ምልክት አድርጌ ያስቀመጥኳቸውን ከ10 ቀን በኋላ ስመዝን አብዛኞቹ ከ1 ግራም በላይ ቀንሰው ነበር። 57.5 ሆኖ «ትልቅ» ትሪ ውስጥ የገባ እንቁላል ደንበኛው ጋር 56 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅስቱ ላይ ቀለሙን አንድ ግራም ወደ ላይ ገፋሁት።

ጥር መጨረሻ፦ የቆሸሸ እንቁላል

ማጠብ ነበር ሐሳቤ። አላጠብኩም። ቅርፊቱ ላይ ስስ ልባስ አለ፤ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋው እሱ ነው። ውሃ ያነሣዋል። በተለይ ሞቃት እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ይሰበሰብና ውሃውን ከነቆሻሻው በቀዳዳዎቹ ይስባል። አሜሪካ የመንግሥት ደረጃ ለሚሰጠው እንቁላል ማጠብ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ከእንቁላሉ በሚሞቅ ውሃ ታጥቦ እስከ ሱቅ ድረስ በማቀዝቀዣ ይሄዳል። አውሮፓ በተቃራኒው ኤ ደረጃ እንዲታጠብ አይፈቅድም። የእኔ ደንበኞች ሱቅ ውስጥ ትሪው መደርደሪያ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ የአውሮፓው መንገድ ይሻለኛል።

ትንሽ ቆሻሻ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ብዙ ከሆነ ለቤት። ዋናው ግን ምንጩን መዝጋት ነው። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉባቸው ሣጥኖች ውስጥ ሰጋቱራ ቶሎ ቶሎ መቀየር ጀመርኩ፤ ማታ ላይ ደግሞ ዶሮዎቹ ገብተው እንዳያድሩበት እዘጋዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚጠረገው በጣም ቀነሰ።

የካቲት፦ ስንጥቁ ከየት ነው?

ጠረጴዛው ከመኖሩ በፊት የተሰነጠቀ የምለው የሚያፈሰውን ብቻ ነበር። ሣጥኑ ላይ ሲታይ ከ100 እንቁላል 7 ያህሉ ስንጥቅ አለበት። ይህ ሁሉ ዶሮ ቤት ውስጥ የሚጠፋ ገንዘብ ነው።

ጠዋት የተሰበሰበውንና ከሰዓት የተሰበሰበውን ለየብቻ አየሁ። ከሰዓት የሚመጣው ይብሳል። ጠዋት አንዴ ሰብስቤ ማታ ነበር የምመለሰው፤ መጣያው ውስጥ እንቁላል በእንቁላል ላይ ይከማቻል፣ ዶሮዋ ትረግጠዋለች። እኩለ ቀን ላይ ተጨማሪ ስብሰባ ገባ። ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ቀጥሎ ቅርፊቱን መዘንኩ። የ10 እንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንድ ላይ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ከ612 ግራም እንቁላል 52 ግራም ቅርፊት ወጣ፤ 8.5 በመቶ ማለት ነው። ደህና ቅርፊት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ዶሮዎቹ እያረጁ ነው፤ ሲያረጁ እንቁላሉ ይተልቃል፣ የሚያለብሱት ካልሲየም ግን ያን ያህል አይጨምርም። ያው ቅርፊት ትልቅ እንቁላል ላይ ይዘረጋል። «በጣም ትልቅ» ትሪዬ ውስጥ ስንጥቅ የሚበዛው ለዚህ ነው። ትልቁ እንቁላል በጣም የሚያኮራው አይደለም ማለት ነው።

መኖ ውስጥ የነበረው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ብቻ ነበር። ከፊሉን በጠጠሩ ቀየርኩት፤ የምስር ፍሬ የሚያህል። ከሰዓት በኋላ ለብቻው በገንዳ ይቀርባል። ቅርፊት የሚሠራው አብዛኛው ሌሊት ነው፤ ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። ሳምንታት ቆይቼ ደግሜ ስመዝን ከ608 ግራም 58 ግራም ወጣ፤ 9.5 በመቶ። ስንጥቁ ከ100 ወደ 3 ወረደ። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ዶሮ በሙቀት ስታለከልክ ቅርፊቷ ይሣሣል። ጣሪያው ሥር የጭድ ምንጣፍ ወጥሬአለሁ።

መጋቢት፦ ጾም

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዶሮዎቹ አይጾሙም። እንቁላሉ ይከማቻል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ሱቆች ትሪ አንሡልን ይላሉ። ጠረጴዛው በጣም የጠቀመኝ በዚህ ጊዜ ነው። የመጣበትን ቀን በእርሳስ ትሪው ላይ እጽፋለሁ፤ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ አስኳሉ መሃል እንዲቆይ። በየጊዜው ከየትሪው ናሙና ሣጥኑ ላይ አያለሁ። ኪሱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያለፈው ትሪ ቅድሚያ ይወጣል፤ ለኬክ ቤቷ በቅናሽ። ሊጥ ውስጥ ለሚገባ የነጩ መቅጠን ብዙ አይጎዳም፣ እሷም አይታ ነው የምትወስደው።

ሽያጭ ላይ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። በአራት መጠን አራት ዋጋ እለጥፋለሁ ብዬ ነበር። ባለሱቁ በአንድ ቃል አልፈለገም። «ሰው ጎን ያለው ሱቅ አንድ ዋጋ ነው ይለኛል፣ ስንት ላስረዳ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ለሱቅ አንድ ዋጋ ቀረ፣ ግን እያንዳንዱ ትሪ አንድ ዓይነት መጠን ብቻ ይይዛል። መካከለኛ ከሆነ ሁሉም መካከለኛ። የሚገርመው ምርጫው ቆመ። አንድ ዓይነት ሲሆን እጅ የሚመርጠው ያጣል፣ ትሪው እስከ መጨረሻው ያልቃል። ባለሱቁ አሁን መካከለኛውን ራሱ ይጠይቃል።

ኬክ ቤቷ በኪሎ ትወስዳለች፤ ትልቅ ትሪ፣ ከ57 እስከ 64። ሒሳቧ ገጥሞላታል። ትንሹ ለቁርስ ቤቱ ነው፤ በፍሬ ትንሽ ቅናሽ። ባለቤቱ ፍርፍር በሳንዱች ይሸጣል፤ ለአንዱ ሁለት ትንሽ ይሰብራል።

ሚያዝያ፦ ፋሲካ

ለዶሮ ወጥ ሁሉም የሚፈልገው ትልቅና አንድ ዓይነት ነው። ለአንዱ እንግዳ ትልቅ፣ ለሌላው ትንሽ እንቁላል ማውጣት ማንም አይፈልግም። «ትልቅ» እና «በጣም ትልቅ» ትሪዎች ከበዓሉ ቀደም ብለው አለቁ፤ እዚህ ላይ በዋጋም ልዩነት ከፈሉ።

ቅሬታ ግን ከማልጠብቀው ቦታ መጣ። አንዲት ጎረቤቴ፣ «እንቁላልሽ አልላጥ አለ፣ ግማሹ ከቅርፊቱ ጋር ሄደ» አለችኝ። የዚያን ዕለት የሰጠኋት የዚያው ቀን ነበር፤ ሣጥኑ ላይ ከሁሉም የበለጠው። ችግሩም እሱ ነው። በጣም ትኩስ እንቁላል ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ሲቀቀል ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ቆዳ ጋር ይጣበቃል። ሳምንት ሲቆይ ጋዙ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ ከዚያ ልጣጩ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ ለሚቀቀል እንቁላል ደብል ኤ ጥሩ ደረጃ አይደለም። ለሚጠበስ አዎ። ለበዓል የማስቀምጠው አሁን ሳምንት የቆየ ነው፤ ትሪው ላይም «ለወጥ» ብዬ እጽፋለሁ።

እስካሁን የወጣው፦ ሚዛንና ሲሪንጅ 975፣ ኮምፔርሳቶ 300፣ የብርሃን ዕቃ 380፣ ኩሽኔት 150፣ አናጢ 600። ይህ 2405 ብር ነው። የተጣለው ቱቦና ማጠፊያ 820 ብር ሲጨመር 3225። ቀለሙ ቤት የነበረ ነው። ወጪው የተመለሰው ከዋጋ ልዩነት ሳይሆን ስንጥቁ ከቀነሰበትና ከሱቅ ከማይመለሰው ትሪ ነው።

ሰኔ፦ አዲሶቹ ቄቦች

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያሳደግኳቸው ቄቦች መጣል ጀመሩ። እንቁላላቸው ከ40 እስከ 46 ግራም ነው። ቅስቱ ላይ ሁሉም ሰማያዊ ነው፣ ምንም አይለይም። ይጨምራሉ፤ ወጣት ዶሮ ትንሽ ትጥላለች፣ ዕድሜዋ ሲገፋ እንቁላሏ ይተልቃል። እስከዚያ ግን 44 ላይ አዲስ መስመር ያስፈልጋል፣ ነጭ ቀለም።

አልፎ አልፎ ከነዚሁ ቄቦች መካከል ቀስቱን ከቀዩ አልፎ የሚያስኬድ እንቁላል ይወጣል። ሣጥኑ ላይ ሁለት ጥላ ይታያል፤ ሁለት አስኳል ነው። አዲስ ጣዮች ላይ የተለመደ ነው፤ ሁለት አስኳል በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ቁርስ ቤቱ ባለቤት ሲያያቸው ለብቻ አስቀምጪልኝ ብሏል፣ ከፍ አድርጎ ይገዛል።

የሚቀሩ ሥራዎች፦ የዘይቱ ጣሳ አቧራ ይገባበታል፣ ክዳን መሥራት። ጎድጓዳው ላይ ያለው ስፖንጅ ተበልቷል፣ መቀየር፤ ሲቀየር ክብደቱ ስለሚለወጥ ቅስቱን በውሃ ደግሞ መለካት። አሮጌዎቹ ዶሮዎች ከመሸጣቸው በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ቅርፊት መዝኜ ከቄቦቹ ጋር ማስተያየት።